የሟቹ የልየው ጀልባ

በጣና ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች፣ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሄዶ ሳያገላብጥ፣ ሳያንኳኳ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ዐይኑን ጨፍኖ ገዝቶ ሲመለስ የሚባል ነገር አለ። ሚስት የሚጠበው ጫማ ገዝቶ ለመጣ ባሏ ትለዋለች፤ ጎረቤት የማትታለብ ላም ጎትቶ ለመጣ ጎረቤቱ ይለዋል። ከየት እንደ መጣ ሲጠየቁ ግን አንዱ «ከዘጌ ነው» ይላል፣ ሌላው «አያቴ ይሉት ነበር» ብሎ ይገላገላል። ሁለቱም አያውቁም። አባባሉ አባት አለው፤ አባቱ አቶ ጓንጉል ይባላሉ። እናቱ ደግሞ የአቶ ደምላው ይሉኝታ ናት።

አቶ ደምላው ዕድሜያቸውን ግሬደር ላይ የጨረሱ ሰው ነበሩ። የሰው አገር መንገድ ሲጠርጉ፣ አቧራውን ሲውጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሐኪሙ ደረታቸውን በራጅ አይቶ «አባቴ፣ ግማሹን መንገድ ይዘውት ነው የወጡት» አላቸው ይባላል። ይህን እንኳ አቶ ጓንጉል ሳይጨምሩበት አይቀርም። እውነቱ አቶ ደምላው ከእንግዲህ አቧራ ማየት አለመፈለጋቸው ነው። የሚመኙት ውኃ ነበር፤ ዳር ዳሩን ይዘው፣ ደስ ያላቸው ቦታ እያቆሙ የሐይቁን መንደሮች የሚያዩባት፣ ሲደክማቸው ጋደም የሚሉባት ጎጆ ያላት ትንሽ ጀልባ። አዲስ ጀልባ የጡረተኛ ነገር አይደለም። ስለዚህ ያገለገለች መፈለግ ጀመሩ።

ምክንያታቸው ውኃ መውደድ ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ እንጉዳይ መኪና አይስማማቸውም። አይስማማቸውም ሲባል እንደ ሌላው ሰው ትንሽ ማቅለሽለሽ አይደለም፤ መኪናው ገና ሳይነሳ የናፍጣው ሽታ ይበቃቸዋል። ታላቅ እህታቸው እትዬ ትሁኔ ደግሞ ከቁንዝላ ወዲያ፣ ጫንቃ ጊዮርጊስ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ትኖራለች። እናታቸው ሞታ ወይዘሮ እንጉዳይ ጨቅላ ሆነው ሲቀሩ፣ በአንቀልባ አዝላ ያሳደገቻቸው እትዬ ትሁኔ ናት። ወይዘሮ እንጉዳይ መጨረሻ በመኪና ሄደው የጠየቋት ጊዜ፣ እዚያ የቆዩትን ያህል ጊዜ ጎናቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የተኙት። ሁለቱ እህትማማቾች የተጨዋወቱት በትውከት መሃል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ በሰው ብቻ ሆነ።

«ጡረታዬ ይውጣ እንጂ በውኃ ነው የምወስድሽ» ይሉ ነበር አቶ ደምላው። «ፍራሽ ላይ ተጋድመሽ፣ መጋረጃ ገለጥ አድርገሽ ወፍ እያየሽ።»

«መጋረጃው ይቅርብኝ» ይላሉ ወይዘሮ እንጉዳይ። «እህቴን ልያት እንጂ።»

አቶ ደምላው ዕቃ ሲመርጡ ማየት ለሰፈሩ ጨዋታ ነበር። ሞተር ሲነሳ ረጅም ጠመንጃ መፍቻቸውን አውጥተው ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ሳንቃውን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በጣታቸው መገጣጠሚያ ያንኳኩታል። ከዚያ ጋቢያቸውን አንጥፈው ጀልባዋ ሥር ይገባሉ። ከሥር ወጥተው «አይ» ይላሉ። አንዷ ጎጆ የላትም፤ ሌላዋ ጎጆ ብቻ ናት፣ ጀልባ የላትም። አንዷ ደግሞ ሞተሯ ያስላታል።

«ጋሼ» አላቸው አንዱ ባለ ጀልባ ተሰላችቶ፣ «ጀልባ ነው የሚገዙት ወይስ ልጅ ሊድሩ ነው?»

«ልጅ ብድር ይህን ያህል አልጠይቅም» አሉት አቶ ደምላው። እውነታቸውን ነበር።

በዚህ ሁሉ ከጎናቸው የማይጠፉት አቶ ጓንጉል ናቸው። አቶ ጓንጉል የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ የአቶ ደምላው የአጥር ጎረቤት፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ሥራ ፈት ነበሩ። ጀልባ ባያውቁም ሰው ያውቃሉ፤ አንዷን ጀልባ ሳያዩ ባለቤቷን ብቻ አይተው «እንሂድ» ያሉበት ቀን ነበር። አቶ ደምላው አሁንም አሁንም «አይ» ሲሉ ጊዜ፣

«አንተ ደምላው» አሏቸው፣ «ሐይቁ ሳይደርቅ ግዛ እንጂ።»

አቶ ልየው የሚባል ባለ ጀልባ ነው በመጨረሻ የላከባቸው። ልየው በሐይቁ ላይ ሰው ሲያመላልስ የኖረ፣ እጁም እንጨት የሚያውቅ ሰው ነበር። ለራሱ ጡረታ ብሎ ከእግር እስከ ራሷ በእጁ የሠራት ባለ ጎጆ ጀልባ አለችው። ሕመም ቀድሞ አልጋ ላይ ሲጥለው ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ ግንድ ላይ ተቀመጠች፤ ዝናብ መጥቶ ሄደባት፣ በጋ መጥቶ ሄደባት። ልየው የአቶ ደምላውን አመራረጥ ሰምቶ ሳይስቅ ደስ አለው። «ቅዳሜ ይምጣ» ብሎ ላከ። «ሰው ጠርቼ ውኃ ላይ አስወጥቼ አሳየዋለሁ። እንዳሻው ያንኳኳት።»

ልየው ሐሙስ ሞተ።

ቅዳሜ አቶ ደምላውና አቶ ጓንጉል ጀልባ ሊያዩ የነበረውን መንገድ ለለቅሶ ሄዱበት። ጠመንጃ መፍቻው ከኮታቸው ኪስ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ ረስተውት ይሁን ሳይረሱት አይታወቅም።

ድንኳኑ የተተከለው ጀልባዋ ጥግ ነው። አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ፣ ጎጆዋ ነጭ ሆና፣ በትናንሽ መስኮቶቿ ላይ አበባ ያለው መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ከለቀስተኛው ሁሉ አምራ ቆማለች። የእድሩ ብርጭቆ የተደረደረው ጎጆዋ ውስጥ ነበር። አንዲት አልቃሽ መሃል ገብታ፣

«የማዕበሉ ጋላቢ፣ የሐይቁ ላይ ፈረስ፣
ጀልባህ ቆማ ቀረች ጌታዋ እስኪመለስ»

ስትል ድንኳኑ ተናወጠ። አቶ ደምላውም አለቀሱ። አይተውት የማያውቁት ሰው ነው፤ ነገር ግን ጡረታውን ሳይኖር የቀረ ሰው ለጡረተኛ ወንድሙ ነው።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ጥሩዬ ስማቸውን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«ደምላው ማለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እመቤቴ። እግዜር ያጽናዎት።»

«ቅዳሜ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይመጣል ሲል ነው የሞተው። ‹ለማንም አትስጧት፣ ለዚያ ሰው ስጡልኝ፤ እሱ ዕቃ ያከብራል› ብሎኝ ነው የሄደው።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዕቃ የሚያከብረውን ሰው ለማየት ዞረ።

«‹ከአርባው በኋላ እንመለሳለን› በል» አሉ አቶ ጓንጉል በጆሯቸው።

«ሰው እያለቀሰ?»

«ሰው እያለቀሰማ ነው ‹እንመለሳለን› የሚባለው።»

ነገር ግን የሟቹ ወንድም መጥቶ ክንዳቸውን ይዟል። «ይምጡ ጋሼ፣ ይዩዋት፤ የእሱም ነፍስ ይረፍ» ብሎ ወደ ጀልባዋ ወሰዳቸው። ሴቶቹ ለቅሷቸውን ገታ አድርገው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ጸጥ አለ። አቶ ደምላው ወደ ሳንቃው ተጠግተው፣ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አጥፈው እጃቸውን አነሡ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሞተ ሰው እጅ የሠራውን ሳንቃ ማንኳኳት፣ «ይህ ሰውዬ አታሎኝ ይሆን?» ብሎ በሬሳው ፊት መጠየቅ ሆኖ ታያቸው። የታጠፈው ጣት ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ሳንቃውን ደባበሱት፤ ልክ የሬሳ ሳጥን እንደሚዳብስ ሰው። ይህን ያየች አንዲት ሴት «ወይኔ ልየው!» ብላ ጮኸች፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ።

ጋቢ አንጥፎ ሥር መግባትማ የማይታሰብ ነበር። ለቅሶ ቤት በጀርባው የሚተኛ ሟቹ ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ሞተሩን... ትንሽ ማስነሣት ይቻል ይሆን?»

የሟቹ ወንድም አያቸው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ቤት እኮ ሬዲዮ እንኳ አልተከፈተም።»

«እውነትህን ነው ልጄ። ምን ነካኝ። ይቅር በለኝ።»

ነገሩን የቆረጠው ያ እፍረት ነው። ከዚያ በኋላ አቶ ደምላው ዋጋ ቀንሱ አላሉም፤ ሟች የተናገረውን ዋጋ ሕያው አይቀንስም ብለው። ገንዘቡ ለተዝካሩ እንደሚሆን ወይዘሮ ጥሩዬ ስትናገር ጊዜ ደግሞ፣ ጀልባ የገዙ ሳይሆን ለነፍስ የሰጡ ያህል ተሰማቸው። ምርቃት ተቀብለው ወጡ። አቶ ጓንጉል እስከ ሰፈራቸው ድረስ አልተናገሩም፤ ለእሳቸው ይህ ረጅም ጾም ነው።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ እንጉዳይ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ገዛሁ» አሉ አቶ ደምላው።

«ሞተሯን ሰማኸው?»

«ለቅሶ ቤት ሞተር ይነሣል እንዴ?»

«ለቅሶ ቤት ጀልባ ይገዛል እንዴ?»

አቶ ደምላው ጫማቸውን አወለቁ።

ጀልባዋን በሰው ጉልበት አንሥተው ከሟቹ ቤት ብዙም በማይርቅ የሐይቅ ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። እዚያም ተቀመጠች። ጀልባ ውኃ ላይ ማውረድ እንደ ሠርግ ነው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ወጣት ይጨፍራል፣ ሴት እልል ትላለች፣ ሞተር ይጮኻል። አርባው ሳይወጣ ይህን ሁሉ ለወይዘሮ ጥሩዬ ጆሮ ማሰማት አቶ ደምላው አልሆነላቸውም።

«እልል ሳትል አውርዳት» አሏቸው አቶ ጓንጉል። «እንደ ሌባ፣ ቀስ ብለህ። ታፈስ አታፈስ እንይ።»

«ሰው ያየኛላ።»

«ይይህ! ጀልባ ነው የገዛኸው፣ ቅምጥ አላስቀመጥክ!»

አላወረዷትም። ይልቅ በየቀኑ እየሄዱ ጎጆዋን ያሰማምሩ ነበር። ስፖንጅ ፍራሽ አስገቡ፣ የስኒ መደርደሪያ መቱ፣ ለወይዘሮ እንጉዳይ የሚደገፉባት ትራስ አሰፉ። አንድ ቀን ወይዘሮ እንጉዳይን አምጥተው አስቀመጧቸው። እሳቸውም በትንሿ መስኮት ሐይቁን አዩና ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። በዚያ ሰዓት፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ከዚያች ጀልባ የሚሻል ጀልባ በዓለም አልነበረም።

ከጫንቃ ጊዮርጊስ ስልክ የተደወለው በዚያው ሰሞን ነው። የደወለው የእትዬ ትሁኔ ልጅ አበጀ ነበር። እናቱ ከወደቀች ሰንብታለች፤ እህል አይወርድላትም፤ «እንጉዳይን ጥሩልኝ» ትላለች።

ወይዘሮ እንጉዳይ ስልኩን ሳያስቀምጡ ነጠላቸውን አነሡ። «በመኪና እሄዳለሁ።»

«መንገዱ ጭቃ ነው» አሉ አቶ ደምላው። «ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ብትደርሺም አንቺው ታማሚ ሆነሽ ነው የምትደርሺው። አርባው እኮ ደረሰ፤ ተዝካሩ እንዳለፈ በማግሥቱ እንወጣለን። በውኃ በአንድ ቀን እንገባለን።»

«እስከዚያ ብትሞትብኝስ?»

«እግዜር አይልም። ‹በውኃ እየመጣን ነው› በያት። ደስታው ራሱ ያቆያታል።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። አብረው ባረጁበት ዘመን ሁሉ ይህ ሰው ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ነጠላቸውን መልሰው ሰቀሉ። ኋላ ላይ ወይዘሮ እንጉዳይ ስለ ጀልባዋ አንድም ቀን አንሥተው አልወቀሱም፤ የሚጸጽታቸው ያን ነጠላ መልሰው መስቀላቸው ነበር ይባላል።

ተዝካሩ ተበላ። አቶ ደምላው ከወይዘሮ ጥሩዬ ምርቃት ተቀበሉ። በማግሥቱ ማለዳ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ጀልባዋን እየገፋ ወደ ውኃ ሰደዳት፤ እልልታው ቀለጠ። ሞተሩ ገመዱ አንድ ጊዜ ሲሳብ ተነሣ። አቶ ደምላው ጠመንጃ መፍቻውን አውጥተው አዳመጡ። ፊታቸው በራ። ያልሳለ፣ ያልተነፋነፈ ሞተር ነበር።

«ምን አልኩህ?» አሏቸው አቶ ጓንጉልን።

«ምንም አላልከኝም» አሉ አቶ ጓንጉል እየወጡ። እሳቸው ዋና አይችሉም፤ «ጓደኛዬ ብቻውን ከሚሰጥም» ብለው ነው የመጡት።

እስከ ዘጌ ድረስ እውነትም እንደ ተባለው ነበር። ፀሐይ፣ ለስላሳ ነፋስ፣ እንጨት ላይ የተቀመጡ ወፎች። ወይዘሮ እንጉዳይ ፍራሹ ላይ ጋደም ብለው፣ ለእህታቸው የያዙትን የማር ገንቦ አቅፈው፣ አላቅለሸለሻቸውም። አቶ ደምላው መሪውን ይዘው ወደ ኋላ ዞር እያሉ ያዩአቸዋል። ከዘጌ ጫፍ እንደ ዞሩ ወይዘሮ እንጉዳይ ተጣሩ።

«ደምላው፣ እግሬ ረጠበ።»

«የሐይቅ እርጥበት ነው።»

ጥቂት ቆይተው፣ «ደምላው፣ እርጥበቱ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።»

አቶ ጓንጉል ጎንበስ ብለው ወደ ጎጆዋ አዩና «እርጥበቱ ውስጥ የአንቺ ጫማ እየዋኘ ነው» አሉ። ባልዲውንም አነሡ።

በባልዲ ጨለፉ፣ በድስት ጨለፉ፣ በስኒ ሳይቀር ጨለፉ። ያወጡትን ያህል ይገባል። ወደ ግልገል ዓባይ መግቢያ ሲጠጉ ውኃው ሞተሩን ደረሰበት፤ ያ የሚያምር ድምፅ አንድ ጊዜ ተንገጫግጮ ዝም አለ። ነፋሱ እየገፋ ሸምበቆ ውስጥ አስገባቸው። ታንኳ የያዙ ዓሣ አጥማጆች አይተው ባይደርሱ እዚያው ይቀሩ ነበር። እየጎተቱ ወደ ጭቃው ጠርዝ አወጧቸው፤ ጀልባዋንም በጎኗ አጋደሟት።

አቶ ደምላው ብቻቸውን ወደ ሳንቃው ተጠጉ። ዙሪያውን አዩ፤ የሚያያቸው አልቃሽ የለም፣ ወንድም የለም፣ ወይዘሮ ጥሩዬ የለችም። ጣታቸውን አጥፈው አንኳኩ። ከአረንጓዴው ቀለም ሥር የመጣው ድምፅ የዱባ ድምፅ ነበር። ራቅ ብለው አንኳኩ፤ ያው። መድረቁ ሳንቃውን አላቅቆት፣ ዝናቡ ደግሞ ከሥሩ አበስብሶታል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ «ኳ» ማድረግ ብቻ ነበር። ሟቹም «እንዳሻው ያንኳኳት» ብሎ ነበር። ልየው ያላፈረውን እሳቸው ናቸው ያፈሩለት።

ወይዘሮ እንጉዳይ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ መጡ። «ከዚህ እስከ መኪናው መንገድ በእግር ምን ያህል ነው?»

«ሩቅ ነው። ጭቃ ነው።»

«እሄደዋለሁ። ከዚያ በመኪና። ትውከቴን በላስቲክ ይዤ እሄዳለሁ።»

«እንጉዳይ፣ ትንሽ ታገሺ። ስንጥቁን ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ፤ እንጨቱም ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይገጥማል። ግማሽ መንገድ መጥተናል። ደግሞ የሰው አደራ እዚህ ሸምበቆ ውስጥ ጥዬ... ነገ ጥሩዬን ምን ብዬ አያታለሁ? የልየው ነፍስስ?»

ወይዘሮ እንጉዳይ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ለሞተው ታፍራለህ። ለምትሞተዋስ?»

አቶ ጓንጉል ይህን ሲሰሙ ወደ ሐይቁ ዞሩ። አቶ ደምላው «እሺ፣ እንሂድ» የሚለው ቃል ከጉሮሯቸው ሥር እንደ ነበረ ለአቶ ጓንጉል ከብዙ ጊዜ በኋላ ነግረዋቸዋል። ነገር ግን ዓሣ አጥማጆቹ አሁን ጀልባዋን ከበው ጨርቅ እየጠቀጠቁ፣ «አይዞዎት አባት፣ ትሄዳለች፣ እናስኬዳታለን» እያሉ ይለፋሉ። ያን ሁሉ የለፋ ሰው ጥሎ መሄድ እንዴት ይሆናል? ዝም አሉ። ዝምታቸውን ወይዘሮ እንጉዳይ አዩት፤ ዕድሜ ልክ የሚያውቁት ዝምታ ነው። ጎንበስ ብለው ድስቱን አነሡ።

ሞተሩ እስኪደርቅ ቀኑ ሄደ። በማግሥቱ ዳር ዳሩን እየታከኩ፣ አንዱ ሲመራ ሁለቱ እየጨለፉ፣ ሁለቱ ሲደክማቸው እያቆሙ፣ እንደገና እየጠቀጠቁ ተጓዙ። ፍራሹን ወረወሩት፤ ክብደት ነው። መጋረጃው ስንጥቅ መድፈኛ ሆነ። ማሩን ግን ወይዘሮ እንጉዳይ አላስነኩም። የሚሰማው ውኃ ወደ ውኃ ሲደፋ ብቻ ነው።

ጫንቃ ጊዮርጊስ ከሩቅ ስትታይ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር ነጭ የለበሰ ሰው ተሰልፎ ወደ መንደሩ ይወርዳል።

«የቀብር መልስ ነው» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ።

«የማኅበር ሰው ይሆናል» አሉ አቶ ደምላው።

«የማኅበር ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው እንዴ የሚለብሰው?»

አቶ ደምላው ሞተሩን አጠፉት። ለምን እንዳጠፉት አያውቁም። ምናልባት ለቅሶ አለ ተብሎ ይሆናል።

አበጀ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ ተቀበላቸው። አክስቱን አቅፎ ከጀልባዋ አወረዳቸው። «ጠበቅን እትዬ። ትናንት ማታ ነው ያረፈችው። ካህናቱ ‹እስከ መቼ?› ሲሉን ‹በውኃ እየመጡ ነው፣ አሁን ይደርሳሉ› እያልን ጠበቅን። ከዚያ በላይ አልሆነልንም።»

«ጠርታኝ ነበር?»

አበጀ ሊዋሽ ፈለገ፤ አልቻለበትም። «አልጋዋን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለችን። ሐይቁን ስታይ ነበር። ‹በመኪና ትመጣ ይሆናል፣ በዚያ በኩል እንጠብቅ› ስንላት ‹አይደለም፣ ባሏ በውኃ አመጣታለሁ ብሏታል› አለች። ነጭ ወፍ ባየች ቁጥር ‹ያቻት› ትል ነበር።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ወደ ድንኳኑ አልሄዱም። ውኃ የሚያንጠባጥብ ቀሚሳቸውን ይዘው፣ የማሩን ገንቦ እንዳቀፉ፣ ሰዉ በሚወርድበት መንገድ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ሰው ግራና ቀኝ እየተከፈለ አሳለፋቸው። አቶ ደምላው ሊከተሏቸው ሁለት እርምጃ ተራመዱ፤ ወይዘሮ እንጉዳይ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው «ቆይ» አሏቸው። ቆሙ። ከኋላቸው የሚጨልፍላት ያጣችው ጀልባ በዝግታ፣ ያለ ድምፅ፣ ነጩ ጎጆዋ እስኪቀር ድረስ ወደ ታች ትወርድ ነበር። ማንም አልጎተታት። አቶ ደምላውም ዞረው አላዩአትም።

አቶ ደምላውን ድንኳኑ ውስጥ አስገብተው አስቀመጧቸው። አጠገባቸው አቶ ጓንጉል ተቀመጡ። ሁለቱም ልብሳቸው ረጥቦ፣ እጃቸው በባልዲ እጀታ ተልጦ፣ ከለቀስተኛው ሁሉ ይልቅ ራሳቸው ከቀብር የተነሡ ይመስሉ ነበር። የመንደሩ አንድ ሽማግሌ፣ አለቃ ውብነህ የሚባሉ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያዩአቸው ቆይተው በትሕትና ጠየቁ።

«ምነው የኔ ጌታ፣ የእጅ ልጇ፣ ዋናዋ ሐዘንተኛ ከቀብር ትቅር? መኪናው እንኳ ትናንት ጧት ገብቶ ወጥቷል። ምን አገኛችሁ?»

አቶ ደምላው ቀና አሉ። «ጀልባዋ...» አሉ። «ሰውዬው ሞቶ ነበር... ባለቤቱ እያለቀሰች... እኔም...» ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው መሬት መሬት አዩ። የግሬደር ድምፅ የለመደ ጆሯቸው በዚያ ድንኳን ጸጥታ ውስጥ ምንም የሚያዳምጠው አላገኘም።

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ጓንጉል ዞረ። ቀልደኛነታቸው እዚያም ድረስ ይታወቃል፤ አንዳንዱ ሐዘኑ ቀለል እንዲልለት ሊስቅ አፉን አዘጋጅቶ ነበር። አቶ ጓንጉል ግን አንዱን እጃቸውን የጓደኛቸው እርጥብ ትከሻ ላይ አድርገው፣ ለሽማግሌው ይሁን ለጓደኛቸው በማይለይ ድምፅ፣ ሳይስቁ እንዲህ አሉ፦ «አለቃ፣ ለቅሶ ቤት ጀልባ የገዛ ሰው፣ ውኃ ሲጨልፍ ከቀብር ይቀራል።»